ገበያውን ባቡር ወሰደው

በአንድ የፋሲካ ሰሞን ለዘመድ ጥየቃ ወደ ጎጃም፣ የጁቤ ሄጄ ነበር። ዕለቱ የገበያ ቀን ስለነበረ ከገበያው ዳር በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ብለን ሳለ፣ ዘንጋቸውን ተደግፈው አጠገባችን የተቀመጡ አዛውንት የማን ልጅ እንደሆንሁ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ወጋችን ከዘር ወደ አገር፣ ከአገር ወደ ገበያ ተሻገረ። «አባባ፣ ይህ የባሶ ገበያ በድሮው ዘመን ስሙ የገነነ ነበር ሲባል እሰማለሁ፤ ምን አሳነሰው?» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ገበያውንማ ባቡር ወሰደው፣ ልጄ» አሉኝ። ይህን ብለው አንድ በግ የሚጎትት ልጅ ጠሩና ስለ በጉ ዋጋ ይጠይቁት ጀመር።

በየጁቤ በኩል ባቡር አልፎ አያውቅም። በየጁቤ ብቻ አይደለም፤ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፣ ከሞጣ እስከ ቡሬ፣ በጎጃም ምድር ላይ አንድ ክንድ የባቡር ሃዲድ ተዘርግቶ አያውቅም። አብሮኝ የነበረው የአጎቴ ልጅ ስንመለስ ነገሩን «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው» ብሎ አለፈው። እኔ ግን ማለፍ አልቻልሁም። እኒያ ሰው በዕድሜያቸውም በአነጋገራቸውም ቃላቸውን መዝነው የሚናገሩ ሰው ነበሩ፤ «ባቡር ቀረብን» ወይም «ባቡር ስላልመጣልን ኋላ ቀረን» ቢሉኝ ኖሮ የለመድሁት ወቀሳ ነበርና ወዲያው በረሳሁት። እርሳቸው ያሉት ግን ሌላ ነው። ያልመጣው ባቡር ሳይመጣ አንድ ነገር ወስዶ ሄደ ነው ያሉት። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የዚህን አባባል ሥር መፈለግ ያዝሁ።

ነጋዴው የሚወጣበት መንገድ

በእኛ አገር ስለ አባይ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስበው ወንዙ ጎጃምን ከሌላው እንደለየ ነው። ለሲራራ ነጋዴ ግን አባይ የሚሻገሩት መንገድ እንጂ አጥር አልነበረም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከከፋና ከጅማ የሚነሳው ጭነት በሊሙ እናርያ የሳቃን ገበያ፣ ቀጥሎም በጉድሩ የአሳንዳቦን ገበያ አልፎ ወደ አባይ ይወርድ ነበር። ወንዙ በጎደለ ጊዜ አጋሰሱ በመሻገሪያው፣ ጭነቱ በተነፋ ቁርበት ተሻግሮ ወደ ባሶ ይወጣል። ቡናው፣ ወርቁ፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ከዚህም ጋር መሸሸግ የማይገባው የባሪያው ንግድ፣ ባሶ ላይ ከሰሜን ከሚመጣው አሞሌ፣ ከጨርቁ፣ ከዶቃውና ከማርትሬዛው ብር ጋር ይገናኝ ነበር። ከባሶ ወደ ሰሜን ደግሞ በደሪጣና በይፋግ በኩል ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር አንዱ ወደ መተማ፣ አንዱ በአድዋ አድርጎ ወደ ምጽዋ ይከፈላል። ክረምት ገብቶ አባይ ሲሞላ ንግዱ ይቆማል፤ መስከረም ሲጠባ ይከፈታል።

እንግዲህ ባሶ ትልቅ የሆነው የአካባቢው ጤፍና ማር ስለሚሸጥበት አይደለም፤ ያማ ዛሬም ይሸጥበታል። ትልቅ ያደረገው የደቡቡ ሸቀጥ ወደ ባሕር የሚወጣበት አፍ በሰሜን በኩል በመሆኑና ጎጃም በዚያ መንገድ መካከል በመቀመጧ ነው። የመንገዱ አፍ ወደ ሌላ አቅጣጫ ቢዞር ባሶን ማንም ሳይነካት ትደርቃለች።

አፉ መዞር የጀመረው ከባቡር በፊት ነው። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በራስ ጎበና በተመራው የሸዋ ጦር ድል ሆነው ሲማረኩ፣ የደቡብ ምዕራቡ የቡናና የወርቅ አገር ለማን እንደሚገብር ተወሰነ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ ሸቀጡም ቀስ በቀስ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሐረርና ወደ ዘይላ፣ ኋላም ወደ ጅቡቲ ማዘንበል ጀመረ። የታሪክ ሰው ቢጠየቅ ገበያውን የወሰደው እምባቦ ነው ሊል ይችላል። ይህ መልስ ለጊዜው አርክቶኝ ነበር። ሆኖም ጦርነት ግብር የሚገባበትን እንጂ ነጋዴ የሚሄድበትን ለብቻው አይወስንም፤ ነጋዴ ኬላውንና ቀረጡን፣ የቀኑን ብዛትና የአጋሰሱን ድካም አስልቶ የሚሄድ ሰው ነው። ከእምባቦ እስከ ባቡሩ አዲስ አበባ መግባት ያለው 35 ዓመት ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የሰሜኑ መንገድ አልተዘጋም።

አንድ ሜትር

መልሱ የተገለጠልኝ ድሬዳዋ ላይ ነው። ለሥራ ሄጄ ሳለ የቀድሞውን የባቡር ጣቢያ ለማየት ገባሁ። በባቡሩ ጥገና ክፍል ዕድሜያቸውን ያሳለፉና ጡረታ የወጡ አንድ ሰው ግቢውን እያዞሩ አሳዩኝ፤ ፉርጎዎቹን፣ የቆሙትን የናፍጣ ባቡሮች፣ የብረት መቅጫውንና መሞረጃውን አንድ በአንድ ያውቋቸዋል። ከአንዱ ሃዲድ ላይ ቆም አልንና «ጋሼ፣ ስፋቱ ምን ያህል ነው?» ስል ጠየቅኋቸው። «ከብረት እስከ ብረት አንድ ሜትር፤ ከጅቡቲ እስከ ለገሃር ይኸው ነው» አሉኝ። በሁለቱ ብረቶች መካከል ቆምሁ። እግሬን ከፈት ባደርግ ሁለቱንም በረገጥሁ ነበር።

ሰውየው ጠባብነቱ ለምን እንደሆነ በትዕግሥት አስረዱኝ። ጠባብ ሃዲድ በአጭር መዞሪያ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ተራራውን መብሳትና ሸለቆውን መሙላት ይቀንሳል፤ ብረቱ ይቀላል፣ ድልድዩ ያንሳል፣ ወጪውም እንዲሁ። በምትኩ የሚጭነው ያነሰ፣ የሚሮጠው የዘገየ ነው። ይህ የቸገረው ኩባንያ ምርጫ ነው፤ የጅቡቲውም መስመር ታሪክ የዚህ ምስክር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የ99 ዓመት ፈቃድ መስመሩን ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦም በከፋ በኩል እስከ ነጭ አባይ ያደርሰው ነበር። ሥራው በ1890 ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ ላይ ደረሰ፤ እዚያም ለዓመታት ቆመ። ገንዘቡ አልቆ ነበር፤ ከዚህም በላይ የፈረንሳይ መንግሥት ከኩባንያው ጋር ተዋውሎ በመስመሩ ላይ እጁን ስላስገባ ምኒልክ ተቆጥተው በምርቃቱ አልተገኙም፣ ወደፊት እንዲቀጥልም አልፈቀዱም። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፣ በ1900 ሌላ ተተካ፣ ሃዲዱም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። 784 ኪሎ ሜትር ለመዘርጋት ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ።

እኒያ የባቡር ሰው ከየት እንደመጣሁ ጠይቀውኝ «ከጎጃም» ስላቸው፣ የአዛውንቱንም አባባል ስነግራቸው አልተገረሙም። «ሐረርን ጠይቃት» አሉኝ። ሐረር በፈቃዱ ላይ ስሟ የተጻፈ፣ ሃዲዱ ሊደርስባት የታቀደላት የታወቀች የንግድ ከተማ ነበረች። ተራራው ወጪውን ሲያከብደው መስመሩ በቆላው አለፈና በባዶው ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተመሠረተች። «ሐረር ላይ ባቡር አልወጣም፤ ገበያው ግን ወደዚህ ወረደ» አሉና በእጃቸው ወደ ከተማው አሳዩኝ።

በዚያች ቅጽበት የየጁቤው አዛውንት ነገር ሙሉ በሙሉ ገባኝ። ባቡር በደጁ የሚያልፍበትን አገር ብቻ የሚለውጥ አድርገን እናስባለን። የሚለውጠው ግን የርቀትን ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡ ደግሞ ሃዲዱ ከቆመበት በጣም ርቆ ይደርሳል። አንድ የጅማ ወይም የጉድሩ ነጋዴን እናስብ። ቡናውን በአጋሰስ ጭኖ ሁለት መንገድ ፊቱ ነው። በአንደኛው አባይ እስኪጎድል ጠብቆ፣ ወርዶ፣ ተሻግሮ፣ ባሶ ወጥቶ፣ ከዚያም በየኬላው እየቀረጠ ወራት የሚፈጅ የሰሜን ጉዞ ይጀምራል። በሁለተኛው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ድሮ ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር የነበረውም የቅፍለት ጉዞ ሳምንታትን የሚበላ፣ የበረሃና የሽፍታ ሥጋት ያለበት ስለነበር ሁለቱ መንገዶች ብዙም አይበላለጡም ነበር። ከ1909 በኋላ ግን ከለገሃር የተጫነ ፉርጎ፣ ሌሊት ሌሊት በአዋሽና በድሬዳዋ እያደረ፣ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይገባል። ይህ ከሆነ በኋላ የትኛው ነጋዴ ነው አባይ እስኪጎድል የሚጠብቀው?

ከምዕራብ በኩል ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ተከፍቷል። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ላይ የንግድ ጣቢያ ተፈቅዶ ጋምቤላ ተመሠረተች፤ የወለጋና የኢሉባቦር ቡና በክረምት በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ይወርድ ጀመር። ስለዚህ ደቡብ ምዕራቡ በምሥራቅ ሃዲድ፣ በምዕራብ ወንዝ ተከፈተለት። ሁለቱም ጎጃምን ጎን ትተው ያልፋሉ። ባሶን ያቃጠለም የዘረፈም የለም፤ ወደ እርሷ የሚመጣው አጋሰስ ብቻ በየዓመቱ እየሳሳ ሄደ። እምባቦ የጀመረውን አንድ ሜትር ስፋት ያላት ሃዲድ ጨረሰችው።

በሌሎች ወረቀት ላይ የተሳለች ጎጃም

እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሳል፤ ጎጃም ከባቡር አሳቢዎች ዓይን ጨርሳ ተሰውራ ነበርን? አልነበረችም። ይህን የታሪኩን ክፍል ሳነብ ያደረብኝ ስሜት ከሐዘን ይልቅ ቁጣ ነበር።

በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ሎንዶን ላይ ተቀምጠው ስለ ኢትዮጵያ በተዋዋሉት ውል፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው ባቡር ለፈረንሳይ፣ ከአዲስ አበባ ምዕራብ ያለው በጠቅላላ ለእንግሊዝ፣ ኤርትራንና የጣሊያን ሶማሊያን በአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል የሚያገናኘው መስመር ደግሞ ለጣሊያን እንዲሆን ተከፋፈሉ። ምኒልክ ውሉ ሲደርሳቸው ስላሳወቋቸው አመስግነው፣ የመንግሥታቸውን ሙሉ ሥልጣን ግን በምንም እንደማይቀንስ መለሱላቸው። በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ጣሊያን በተለዋወጡት ደብዳቤ ነገሩ ይበልጥ ተገለጠ። እንግሊዝ የጣናን ውኃ የሚቆጣጠር ግድብ ለመሥራትና ከሱዳን ወሰን እስከ ግድቡ የመኪና መንገድ ለመጥረግ ፈቃድ ስትጠይቅ ጣሊያን እንድትደግፋት፣ በምላሹም ጣሊያን ከኤርትራ ወሰን ተነስቶ በአዲስ አበባ ምዕራብ አልፎ ሶማሊያ የሚደርሰውን ባቡር ለመሥራት ስትጠይቅ እንግሊዝ እንድትደግፋት ተስማሙ። ካርታ ዘርግቶ ከኤርትራ ወደ አዲስ አበባ ምዕራብ መስመር የሚስብ ሰው የጣናን ዙሪያና ጎጃምን ሳይነካ ማለፍ ይቸግረዋል።

በዚያ ወረቀት ላይ ጣና አለ፣ ውኃው አለ፣ ምድሩም መተላለፊያ ሆኖ አለ። የባሶ ነጋዴ፣ የሜጫ ገበሬ፣ የዳሞት ማርና የአገው ምድር ከብት ግን የሉም። ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በሰኔ 1918 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አባል ለሆነችበት ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ብለው ሁለቱን መንግሥታት መልስ እንዲሰጡ አስገደዷቸው፤ ሁለቱም ደብዳቤው ኢትዮጵያን የሚያስገድድ እንዳልሆነ ተናገሩ። ይህ አቤቱታ ለጎጃም ምን ማለት እንደነበር በትምህርት ቤት ማንም አልነገረኝም፤ ቢነገረኝ እወድ ነበር።

ሃዲዶቹ በእርግጥ ከሁሉም አቅጣጫ ቀርበው ነበር። የሱዳኑ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሰላን አልፎ ገዳሪፍ ገብቷል፤ ስፋቱ 1,067 ሚሊ ሜትር ነው። የኤርትራው አስመራን፣ ከረንን፣ አቆርዳትን አልፎ እ.ኤ.አ. በ1932 ቢሻ ላይ ቆመ፤ ስፋቱ 950 ሚሊ ሜትር ነው። የእኛው ደግሞ 1,000። ሦስቱ ጎጃም ላይ ተዘርግተው ቢገናኙ ኖሮ የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ መሄድ አይችልም ነበር። እያንዳንዱ ሃዲድ ለገንዘብ ሰጪው ወደብ የተለካ ነውና።

በረሃው ነው እንዴ?

በእኛ ዘንድ የተለመደው መልስ «የአባይ በረሃ አይፈቅድም» የሚል ነው። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ወደ ድልድዩ ቁልቁል ተመልክቶ የማይደነግጥ ሰው ስለሌለ መልሱ ለማመን ቀላል ነው። ነገር ግን ሒሳቡን ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት 1,400 ሜትር ገደማ ነው። ከምጽዋ አስመራ ያለው ጠባብ ባቡር በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ አቀበቱ በከበደበት ቦታ በየ1,000 ሜትሩ 35 ሜትር ይወጣል። በዚያው ልክ ቢሠራ ወደ አባይ ለመውረድ 40 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ደጀን ለመውጣት ሌላ 40 ኪሎ ሜትር ሃዲድ ይፈልጋል፤ ይህም የመኪናው መንገድ ከአፋፍ እስከ አፋፍ ከሚፈጀው እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ዋሻውና ድልድዩ ብዙ፣ ወጪው ከባድ፣ የአፈሩ መንሸራተት የማያስተኛ ይሆናል። የአስመራው ተራራ ግን ይህን ሁሉ ጠይቆ ተሠርቷል፤ ከምጽዋ ተነስቶ አስመራ ለመድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ቢፈጅም፣ የሚፈልገው መንግሥት ስላለ ተሠርቷል።

ስለዚህ በረሃውን ጥፋተኛ ማድረግ ለእኔ አይዋጥልኝም። ከበረሃው ማዶ ወደ ባሕር የሚወጣ፣ ለባለ ገንዘቡ ብድሩን የሚመልስ ጭነት ጎጃም አላት ብሎ ያሰላ ሰው አልነበረም። በእርሷ በኩል ሲያልፍ የኖረው የደቡቡ ቡና በሌላ መንገድ ሄዷል፤ የራሷ እህል ደግሞ በዚያ ዘመን ለባቡር ኩባንያ ዓይን የሚሞላ ሸቀጥ አልነበረም።

አሁን ሲሳል

የቀድሞው ጠባብ መስመር ዛሬ በ1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት በተዘረጋው የኤሌክትሪክ ባቡር ተተክቷል፤ አዲሱ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን በወጣው የአገር አቀፍ የባቡር ንድፍ ላይ ጎጃም በስሟ ገብታለች፤ ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በባሕር ዳርና በወረታ በኩል ወልድያ፣ ከዚያም በሰመራ ወደ ጅቡቲ ወሰን የሚወርድ መስመር ተስሏል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተያዘው ሥራ ወደዚያ የሚያቀርብ ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ወልድያ ያለው ግን ከንድፍ አልወጣም።

ይህ ንድፍ የአባይን በረሃ በደጀን በኩል አይሻገርም፤ ጎጃምን ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከባሕር ጋር በሰሜን ምሥራቅ ያገናኛል። ነጋዴው የሚወጣበት አፍ ከመቶ ዓመት በኋላ እንደገና ወደ ሰሜን ሊዞር ነው ማለት ነው፤ ይህን ሳስብ ልቤ ይሞቃል። ሆኖም የባሶን ነገር ካወቅሁ በኋላ ካርታውን የማየው በሌላ ዓይን ነው። ሃዲዱ የሚያልፍበትን ብቻ ሳይሆን የሚያልፈውን፣ የሚተወውንም ከተማ አያለሁ። ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን፣ ቢቸና፣ ሞጣና የጁቤ ከንድፉ ውጭ ናቸው። ገበያቸው ወደ ፍኖተ ሰላም ሊሳብ ይችላል፤ ይህ ከመሆኑ በፊት ወደ ጣቢያው የሚያደርሳቸው መንገድና የእህል መጋዘን አብሮ መታሰብ አለበት። ሐረር ወደ ድሬዳዋ የምትወርድበት መንገድ ባይኖራት ኖሮ የሚደርስባት ጉዳት በእጅጉ በበዛ ነበር።

ሌላው ጭነቱ ነው። ዛሬ ወደ ጎጃም በብዛት ከሚገባው ሸቀጥ አንዱ ከጅቡቲ ወደብ በከባድ መኪና የሚጓጓዘው ማዳበሪያ ነው፤ የዘር ወቅት ደርሶ ማዳበሪያው ሲዘገይ ገበሬው ምን እንደሚሆን ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ማዳበሪያ ጭኖ የመጣ ፉርጎ በቆሎና ስንዴ፣ ወይም ከእነዚህ የተሠራ ዱቄትና ዘይት ጭኖ ቢመለስ መስመሩ ራሱን ሊችል ይችላል። ባዶውን ከተመለሰ ግን ወጪው በአንድ አቅጣጫ ጭነት ላይ ይወድቃል፤ ታሪፉ ይንራል፣ ነጋዴውም ወደ መኪናው ይመለሳል። ለዚህ ነው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከፍኖተ ሰላም ጥቂት ወደ ምዕራብ ገባ ብሎ መገኘቱ ደጋግሜ የማነሳው ነገር የሆነብኝ። ንድፉ የተሳለው ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከመመረቁ በፊት ነው፤ ፉርጎውን በመልስ ጉዞው ሊሞሉት የሚችሉት ፋብሪካዎች ደግሞ በዋናነት የሚቀመጡት እዚያ ነው። ይህን የምጽፈው ንድፉ በድጋሚ የሚታይበት ቀን ሲመጣ በጠረጴዛው ዙሪያ ከሚቀመጡት አንዱ እንኳ ቢያነበው ብዬ ነው። መስመሩ ከፍኖተ ሰላም ሳይሆን ከቡሬ ይጀምር፤ ከደብረ ማርቆስ በኩል ለሚመጣው እህልም ማራገፊያና መጋዘን ሃዲዱ ከመዘርጋቱ አስቀድሞ ይሠራለት።